ዓመቱን ከአራት ወቅቶች በላይ መመልከት፦ ለጓሮ አትክልትና ለአነስተኛ እርሻ የሚረዳ የወቅቶች መረጃ

ይህ መረጃ በጓሯቸው፣ በግቢያቸው ወይም በአነስተኛ ማሳ ላይ አትክልትና ሰብል ለሚያለሙ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ዘር የሚዘራበትን፣ ችግኝ የሚዛወርበትንና ተክል ጥበቃ የሚሻበትን ጊዜ ለመወሰን ከአራቱ ወቅቶች ስም ይልቅ ጠበብ ያሉትን የዓመቱን ክፍሎች መለየት ለምን እንደሚጠቅም ያስረዳል።

ወቅትን በስሙ ብቻ አምኖ መዝራት ዘርን፣ ጉልበትንና የቤተሰብን ምግብ ሊያሳጣ ይችላል። በየካቲት አጋማሽ ሦስት ቀን የጣለውን ዝናብ አይቶ «በልግ ገባ» ብሎ የዘራ ሰው፣ ዝናቡ ለሦስት ሳምንት ቢቋረጥ ቡቃያው ይደርቅበታል። በጥቅምት ሰማዩ መጥራቱን አይቶ በደጋ ምድር ቲማቲም ያዛወረ ሰውም በኅዳር በአንድ ሌሊት ውርጭ ተክሉን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ሁለቱም የወቅቱን ስም በትክክል ያውቃሉ። ያልለዩት በወቅቱ ውስጥ ያለውን ሌላ ትንሽ ወቅት ነው።

1. በአገራችን የሚሠራባቸው የወቅት አከፋፈሎች

በኢትዮጵያ ዓመቱን ለመክፈል ከአንድ በላይ ሥርዓት አለ። ተመሳሳይ ስሞች በተለያየ ትርጉም ስለሚነገሩ በመጀመሪያ እነዚህን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በባሕረ ሐሳብ የሚታወቀው የአራት ዘመናት አከፋፈል ነው። በዚህ መሠረት ዘመነ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ዘመነ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ዘመነ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ዘመነ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ብዙ ሰዎች አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ «ፀደይ» ይሉታል፤ ከመጋቢት በኋላ ያለውን ደግሞ «በልግ» ይላሉ። ስለዚህ «በፀደይ ይተከላል» የሚል ምክር ሲሰሙ ወሩን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው በአየር ጠባይ ትንበያ የሚሠራበት የሦስት ወቅቶች አከፋፈል ነው። በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያዎቹን የሚያወጣው በዚህ አከፋፈል ነው።

ሦስተኛው የሰብል አከፋፈል ሲሆን፣ «መኸር» እና «በልግ» የሚሉት ስሞች እዚህ የምርት ስሞች ናቸው። የመኸር ሰብል የሚባለው ከመስከረም እስከ የካቲት የሚሰበሰበው ሲሆን፣ የበልግ ሰብል ደግሞ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚሰበሰበው ነው። የመኸር ሰብል በአብዛኛው በክረምት ይዘራና በበጋ ይታጨዳል። ስሙ የተሰጠው ለመሰብሰቢያው ጊዜ በመሆኑ «የመኸር ዘር» የሚለውን አነጋገር ከመዝሪያው ወር ጋር ማደባለቅ አይገባም።

2. አራት ወቅት ብቻ ለምን አይበቃም

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚታወቁት አራት ወቅቶች በዋናነት የሙቀትና የቅዝቃዜ ወቅቶች ናቸው። በእነዚያ አገሮች የቀኑ ርዝመት በክረምትና በበጋ መካከል በብዙ ሰዓታት ይለያያል፤ ተክልም የሚያድገው ሙቀት በሚኖርበት ወቅት ነው።

ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይም በአዲስ አበባ አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ታልፋለች፤ በነሐሴ ግን ደመናው ሙቀቷን ይጋርደዋል። በዚህ ምክንያት በመካከለኛው ደጋ ቀኑ ይበልጥ የሚሞቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው።

ቅዝቃዜውም ሁለት ዓይነት ነው። የክረምቱ ቅዝቃዜ የቀን ቅዝቃዜ ነው፤ ደመናው ፀሐይን ቢከለክልም ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። የበጋው ቅዝቃዜ ደግሞ የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሰማዩ ስለሚጠራ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት በሌሊት ወደ ላይ ይበተናል። ተክልን የሚገድለው ውርጭ የሚመጣው ቀኑ በጠራና ባማረበት በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በአገራችን ለአትክልተኛው ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ውኃ መቼ እንደሚገኝ፣ ሁለተኛው ሌሊቱ መቼ እንደሚቀዘቅዝ ነው። ሁለቱም በአራቱ ወቅቶች ወሰን ላይ አይጀምሩም፤ በወሰኑም ላይ አያበቁም።

3. ዝናቡና ከፍታው በየአካባቢው እንደሚለያይ

የአገሪቱ የዝናብ ሥርዓት በሦስት ዋና ዋና መልኮች ሊታይ ይችላል።

በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከየካቲት ወይም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። በእነዚህ አካባቢዎች በልግና ክረምት የተያያዙ ናቸው።

በመካከለኛውና በሰሜን ምሥራቁ ደጋ፣ ለምሳሌ በሰሜን ሸዋና በወሎ፣ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አነስተኛው በበልግ፣ ዋናው በክረምት ነው። በመካከላቸው፣ በተለይም በግንቦት፣ የደረቅ ጊዜ ይገባል። በከፍተኛው ደጋ ክረምቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የበልግ ገብስ ለብዙ ቤተሰብ ዋና መተዳደሪያ ነው።

በደቡብና በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። የሰሜኑ ሰው ክረምት የሚለው የሐምሌና የነሐሴ ጊዜ በዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው።

የየአካባቢው ሕዝቦች ወቅቶቻቸውን የሰየሙት በዚሁ መሠረት ነው። በቦረና ጋና ዋናው ዝናብ፣ አዶሌሳ ቀዝቃዛው ደረቅ ጊዜ፣ ሀገያ አጭሩ ዝናብ፣ ቦና ረጅሙ ደረቅ ጊዜ ነው። በሶማሌ ጉ፣ ሐጋ፣ ደይር እና ጅላል በተመሳሳይ ሁኔታ ሁለቱን ዝናቦችና ሁለቱን ደረቅ ጊዜያት ይለያሉ። በአፋር ከሱጉም፣ ከሐጋይ፣ ከካርማና ከጊላል በተጨማሪ በበጋው መካከል በታኅሣሥ ገደማ የምትጥለው አጭር ዝናብ ደዳ የሚል የራሷ ስም አላት። ለግጦሽ የምትሰጠው ጥቅም ብዙ ስለሆነ ጥቂት ቀናት ብቻ ብትቆይም እንደ ወቅት ተቆጥራለች።

ይህ አሠራር በሌሎች አገሮችም ይገኛል። በህንድ ጥንታዊው አቆጣጠር ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍለዋል። በጃፓን ዓመቱን በ24፣ እነዚህንም እንደገና በ72 ጥቃቅን ክፍሎች የሚከፍል ልማድ አለ። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የኑንጋር ሕዝብም ስድስት ወቅቶችን ይቆጥራል።

ከፍታ ሌላው መለያ ነው። በተለመደው አከፋፈል እስከ 500 ሜትር ያለው በረሃ፣ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል፤ ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው። በ1,000 ሜትር ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን የተዘራ አንድ ዓይነት ዘር በቆላ ቀድሞ፣ በደጋ ዘግይቶ ይደርሳል። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ሸለቆውና ተራራው አንድ የወቅት ሠንጠረዥ አይጋሩም።

4. በክረምት ውስጥ ያሉ ወቅቶች

ክረምቱን እንደ አንድ ወጥ ጊዜ አለማየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዘመነ ክረምት በውስጡ ተከፋፍሎ ይቆጠራል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ 18 ያለው የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ፣ ማለትም የወንዞች፣ ጊዜ ይባላል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያለው ደግሞ በጎሕ፣ በጽባሕና በብርሃን ስም ይጠራል።

እነዚህ ስሞች የሥራ ቅደም ተከተልን ይጠቁማሉ። መጀመሪያ ዘር ይዘራል፤ ቀጥሎ ውኃ ይበዛል፤ በመጨረሻ ብርሃን ይመለሳል። የገበሬው አነጋገርም ይህንኑ ያሳያል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚባለው ከነሐሴ 13 በኋላ የክረምቱ ጨለማ እየሳሳ መሄዱን ለመግለጽ ነው። ይሁን እንጂ አባባሉ ዝናቡ በዚያው ቀን ይቆማል ማለት አይደለም። በመካከለኛው ደጋ ዝናቡ እስከ መስከረም ይቀጥላል። ከቡሄ በኋላ የሚለወጠው የብርሃኑ መጠን በመሆኑ ለችግኝ ዝግጅት አመቺ ጊዜ ይከፈታል።

5. ዓመቱ በአሥር ክፍል፦ ለመካከለኛው ወይና ደጋና ደጋ

የሚከተለው አከፋፈል ሁለት ጊዜ ዝናብ ለሚያገኘው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ወይና ደጋና ደጋ እንደ መነሻ የቀረበ ነው። በሌሎች አካባቢዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች ወራቱን እንደ አካባቢያቸው ዝናብ ሊያስተካክሉ ይገባል።

የአበባ ወቅት (መስከረም)። አፈሩ ውኃ ጠግቧል፤ ፀሐይ ተመልሳለች። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለመዝራት አመቺ ነው። ውኃ በሚቋጥር ዋልካ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በቀሪው እርጥበት ይዘራሉ። ውርጭ በማያሰጋበት ቦታ ያደጉ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኞች በወሩ መጨረሻ ይዛወራሉ።

የጥሪት እርጥበት ወቅት (ጥቅምት)። ዝናቡ ያቆማል፤ ከመሬት በታች ያለው እርጥበት ግን ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። እርጥበቱን ለማቆየት ማሳውን ማረምና በሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ መሸፈን ይመከራል። በመስኖ ለሚለማ ቀይ ሽንኩርት የችግኝ መደብ የሚዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው።

የውርጭ ሌሊቶች (ኅዳርና ታኅሣሥ)። በደጋ፣ በተለይም ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፣ ውርጭ ይጥላል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ባቄላ በቀላሉ ይጎዳሉ፤ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት የተሻለ ይቋቋማሉ።

የደረቅ ነፋስ ወቅት (ጥር)። ነፋሱ ከተክልም ከአፈርም ውኃ ይወስዳል። ውኃ ማጠጣት ያለበት በማለዳ ወይም በማታ ነው። አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ብስባሽ ማዘጋጀትና መደብ መጠገን ይመረጣል።

የአታላይ ዝናብ ወቅት (የካቲት)። ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ነገር ግን ተከታታይ ላይሆን ይችላል። መሬት ማለስለስና ዘር ማዘጋጀት ይገባል፤ ለመዝራት ግን በክፍል 7 የተመለከተው ምርመራ መቅደም አለበት።

የበልግ ዝናብ (መጋቢትና ሚያዝያ)። ዝናቡ ከጸና ፈጥነው የሚደርሱ አትክልቶች ይዘራሉ። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ቡቃያው ፈጥኖ ያድጋል፤ በዝናቦች መካከል ያለውን ክፍተት ለመሸፈን ግን ተጨማሪ ውኃ ሊያስፈልግ ይችላል። በረዶም ሊጥል ስለሚችል ለስላሳ ችግኞችን ከለላ ማድረግ ይጠቅማል።

የግንቦት ድርቀት (ግንቦት)። በበልግና በክረምት መካከል ያለው ሞቃትና ደረቅ ጊዜ ነው። የበልጉ ተክል በዚህ ወር ውኃ ካላገኘ ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። የጣራ አሸንዳ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የፍሳሽ ቦይ የሚጠገነውም በዚህ ጊዜ ነው።

የክረምት መግቢያ (ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ)። የድንችና የነጭ ሽንኩርት ዋና የመትከያ ጊዜ ነው። የዛፍና የፍራፍሬ ችግኞችም ሥር የሚሰዱበት ረጅም የዝናብ ጊዜ ስለሚያገኙ በዚህ ጊዜ ቢተከሉ ይሻላል።

የክረምት እምብርት (ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ)። ዝናቡ ይበረታል፤ ብርሃን ያንሳል። ውኃ የሚተኛበት መሬት ሥርን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግና ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። በቲማቲምና በድንች ላይ ቅጠልን የሚያጠቁር በሽታ በፍጥነት የሚዛመተውም በዚህ ጊዜ ነው። የታመመውን ቅጠል ቀንጥሶ ከማሳው ማራቅና ተክሎችን አራርቆ መትከል ጉዳቱን ይቀንሳል።

የክረምት ማምሻ (ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን)። ብርሃን እየተመለሰ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚወስደው የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በመደብ የሚፈላው አሁን ነው፤ ይህም ችግኙን ለመስከረም መጨረሻ ያደርሰዋል። በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት የዘር ክምችትን መፈተሽና የአዲሱን ዓመት ዕቅድ መጻፍ ጠቃሚ ልማድ ነው።

6. የተፈጥሮ ምልክቶች

ቀን መቁጠሪያ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ዝናብ ግን በየዓመቱ ይለያያል። ዕፅዋትና እንስሳት የሚከተሉት የዓመቱን ትክክለኛ ሁኔታ በመሆኑ ተጨማሪ መረጃ ይሰጣሉ።

ቡና ከደረቅ ጊዜ በኋላ በቂ ዝናብ ሲያገኝ በ8 እስከ 12 ቀን ገደማ ውስጥ ያብባል። አበባው ዝናቡ ወደ ሥሩ መድረሱን ያሳያል። ክንፍ ያለው ምስጥ፣ ማለትም አሸን፣ ከመሬት የሚፈላው አፈሩ ሲረጥብ ነው። አደይ አበባ በመስክ ላይ መታየቱ የክረምቱ ማብቂያ መቃረቡን፣ የመስቀል ወፍ በደማቅ ላባ መታየትም ሣሩ ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ መድረሱን ያመለክታሉ። ንብ አናቢዎች ዋናውን ማር በጥቅምትና በኅዳር፣ ሁለተኛውን በግንቦትና በሰኔ ገደማ የሚቆርጡት ከክረምቱና ከበልጉ ዝናብ ቀጥሎ አበባ ስለሚበዛ ነው።

አንዳንድ ዕፅዋት ከተለመደው ተቃራኒ ጊዜ ይከተላሉ። ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ዛፍ፣ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። በዚህ ጠባዩ ሰብል በሚያድግበት ጊዜ ብርሃን አይጋርድም፤ መኖ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ለከብት ቅጠልና ፍሬ ይሰጣል። ገበሬዎች በማሳቸው መካከል ሳይቆርጡ የሚተዉት ስለዚህ ነው።

አንድ ምልክት ብቻውን ለመዝራት ውሳኔ አይበቃም። አሸን መፍላቱ የትናንቱን ዝናብ ይመሰክራል እንጂ ለነገው ዋስ አይሆንም። ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶችን ከአፈሩ እርጥበትና ከትንበያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

7. ከመዝራት በፊት መደረግ ያለባቸው ምርመራዎች

የዝናብ መጠን። በአየር ጠባይ ጥናት በብዙ ጊዜ የሚሠራበት የዝናብ መግቢያ መመዘኛ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ረጅም ድርቀት አለመከተሉ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ በግልጽ ቦታ ላይ ማስቀመጥና የተጠራቀመውን ውኃ ጥልቀት በማስመሪያ መለካት በቂ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ10 ካሬ ሜትር መደብ ላይ 200 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛውን ክፍል ለማወቅ የወቅቱንና የአሥር ቀናቱን ትንበያ መከታተል ይገባል።

የአፈር እርጥበት። መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ከታች ያለውን አፈር በእጅ መጨበጥ ነው። አፈሩ ተጣብቆ ከቆየ በቂ እርጥበት አለው፤ ከተበተነ ዝናቡ ከላይ ብቻ ነው።

የዘር ክፍፍል። ጥርጣሬ ካለ ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን አለመዝራት ይመከራል። በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መዝራት የአንዱን ጊዜ ኪሳራ በሌላው ለመካስ ያስችላል።

የውርጭ ሥፍራ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳ ቦታ ይወርዳል። በጓሮ ውስጥ ማለዳ መጀመሪያ የሚነጣውን ቦታ ለይቶ ለስላሳ ተክሎችን ከዚያ ማራቅ ያስፈልጋል። ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን አፈሩን ቀደም ብሎ ማጠጣት፣ ጉዝጓዙን ከመደቡ ገለጥ ማድረግና ማታ ተክሉን በጨርቅ ወይም በሣር መሸፈን መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ተክሉን እንዲጠብቅ ያግዛል። ሽፋኑ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይነሣል።

8. ወቅቶች የሚዛቡባቸው ዓመታት

በትክክል የተለዩ ወቅቶችም በአንዳንድ ዓመታት ይዛባሉ። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር በሚከሰትበት ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የታየው የዝናብ እጥረት ለዚህ አብነት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸዋል። ተቃራኒው ክስተት ላ ኒና ደግሞ የደቡቡንና የደቡብ ምሥራቁን ዝናብ ሊቀንስ ይችላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መግቢያ በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ አልፈዋል። ጉዳቱን «የሁለት ዓመት ድርቅ» ብሎ መቁጠር ከብቶቹ ያጡትን አምስት ዝናብ አያሳይም፤ በየአካባቢው ወቅት መቁጠር ግን በግልጽ ያሳየዋል።

9. የራስን የወቅት መዝገብ ስለ መያዝ

ከላይ የቀረበው አሥር ክፍል መነሻ ብቻ ነው። ለአንድ ጓሮ ትክክለኛው ሠንጠረዥ የሚገኘው በዚያው ጓሮ ከተያዘ መዝገብ ነው። አንድ ደብተር ወስዶ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ገጽ፣ በድምሩ 13 ገጽ መመደብ በቂ ነው። በየገጹ የሚከተሉት ይመዘገባሉ፦

– ዝናብ የጣለበት ቀንና በጣሳ የተለካው መጠን፤
– የመጀመሪያው ነጎድጓድ፣ በረዶና ውርጭ የታየበት ቀን፤
– በአካባቢው ያሉ ዛፎችና አበቦች ያበቡበት ቀን፤
– ተባይና በሽታ የታየበት ቀንና ተክል፤
– የተዘራበት፣ የበቀለበትና የተለቀመበት ቀን።

በሦስተኛው ዓመት ገጾቹን ጎን ለጎን ማነጻጸር በግቢው ውስጥ ውርጭ ቀድሞ የሚጥልበትን ሳምንትና የበልጉ ዝናብ የሚቋረጥበትን ጊዜ ማሳየት ይጀምራል። የአካባቢ ሽማግሌዎችንና እናቶችን መጠየቅም ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል፤ በየመንደሩ ለእነዚህ ትንንሽ ወቅቶች ስም አለና ስሙን ከትርጉሙ ጋር በመዝገቡ ማስፈር ይገባል።

10. ተጨማሪ መረጃና ድጋፍ

የወቅትና የአሥር ቀናት የአየር ጠባይ መረጃ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከሚተላለፉ የአየር ጠባይ ዘገባዎች ይገኛል። ለአካባቢው ከፍታና አፈር ተስማሚ የሆነ የዘር ዓይነት ለመምረጥ በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ በከተማም የወረዳውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ወደ ባለሙያው ሲቀርቡ የጓሮውን ስፋት፣ ያለውን የውኃ ምንጭና የተያዘውን የወቅት መዝገብ ይዞ መቅረብ ለቦታው የተለየ ምክር ለማግኘት ያስችላል።